ሐይቁ ሲጠራ

ባሌን የማያውቀው ሰው ድምፁን ያውቀዋል። መናኸሪያው ውስጥ፣ ተራራው አናት ላይ ላለው ሐይቅ መንገደኛ የሚጠራው እሱ ነበር። “ሐይቅ! ሐይቅ! ሐይ...ቅ! አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!” ሲል ከትኬት መቁረጫው እስከ ዋናው በር ድረስ ያለው ሰው ሁሉ ሳያስበው ሻንጣውን ብድግ ያደርጋል። ወደ ሌላ ቦታ የሚሄደውም ጭምር። የሥራ ጓደኞቹ “ጥሩምባው” ይሉታል። እኔ ስናደድበትም “አንተ ሰውዬ” ነው የምለው፣ ስወደውም “አንተ ሰውዬ” ነው የምለው፤ ልዩነቱን እሱ ያውቀዋል።

“አንድ ሰው የቀረው” ውሸት ነው፤ እንዳትሞኙ። አውቶቡሱ ባዶውን ተገትሮ፣ ረዳቱ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ እያንኮራፋ፣ እሱ “አንድ ሰው የቀረው!” ይላል። መንገደኛ ካልቸኮለ አይሳፈርም፤ መኪናው ሊሞላ ነው ካላሉት ደግሞ አይቸኩልም። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ እየሮጠች ገብታ ወንበሩን ሁሉ ባዶ ብታገኘው ጊዜ በመስኮት ብቅ ብላ “አንተ ዋሾ! የታለ ሰዉ?” አለችው። “እሜቴ፣ ስንት ሰው ቀረ አልኩ እንጂ ስንት ሰው ገባ መች አልኩ?” አላት። ሴትዮዋ ሳቀች። እሱን ተቀይሞ የሚቆይ ሰው የለም፤ ከእኔ በስተቀር።

ቤታችን ከመናኸሪያው አጥር ጋር ግድግዳ የሚጋራ ፎቅ ነው፤ ከታች ጎማ የሚጠግን ሰው፣ ከላይ እኛ። የስፌት መኪናዬን መስኮቱ ሥር አስጠግቻታለሁ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ዋናው እንጀራዬ ግን መጋረጃ ነው። ቀኑን ሙሉ ድምፁን እየሰማሁ ስሰፋ፣ ሳላየው ያለበትን ሁኔታ አውቃለሁ። ጠዋት ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሻይ ሲቀምስ ይለሰልሳል። ከተራ አስከባሪው ጋር ከተጣላ ይሾላል። ሲርበው ደግሞ ሐይቅን ያሳጥራታል፤ “ሐይቅ!” ብሎ ቁርጥ። ያን ጊዜ ድንቹን እሳት ላይ እጥዳለሁ፤ እሱ ደረጃውን ሲወጣ ድንቹ በስሎ ይጠብቀዋል።

ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲከብድና የጣሪያው ቆርቆሮ መንጣጣት ሲጀምር፣ ዓይኔ ክድን ክድን ይላል። ሰማያዊ መጋረጃ የያዝኩ ዕለት ጉዴ ነው። ጨርቁ ከጉልበቴ ላይ እየተንሸራተተ ወለሉን ይሞላል፤ ከታች የባሌ ድምፅ ሐይቅ፣ ሐይቅ ይላል፤ ወለሉ ላይ ያለው ሰማያዊ ነገር ቀስ ብሎ ከፍ፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ማለት ይጀምራል። የአልጋው እግር ይሰወራል። ጫማዎቻችን ተንሳፍፈው ወደ በሩ ይሄዳሉ። እኔ እንዳልረጥብ እግሬን አነሳለሁ፤ እግሬን ሳነሳ መኪናዬ ትቆማለች፤ ስትቆም እነቃለሁ። ስንቱን የሰው መጋረጃ እንዲህ አጣምሜ ሰፍቼዋለሁ መሰላችሁ።

ሐይቁን ግን ሁለታችንም አይተነው አናውቅም። እሱ ስሙን እየጠራ ሸበተ እንጂ እግሩ እዚያ ደርሶ አያውቅም። ከዚህ ሲነሱ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ነው ይላሉ። ዛፉ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ይጠፋል፤ ከዚያ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ድንጋዩ ይከፈትና ገደል እንደ ግድግዳ ዙሪያውን የከበበው ውሃ ይመጣል። የሄደ ሁሉ ሲመለስ ትንሽ ዝም ይላል። ባሌ ያንን ዝምታ አይቶ ነው ሐይቁን የሚያውቀው።

ይሁንና ሰው መጥቶ “መቼ ብንሄድ ይሻላል?” ሲለው፣ ሐይቁን ካባቱ የወረሰ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ይመልሳል። “በጋ! በጋ ከሄዳችሁ ውሃው ጠርቶ ከሥር ያለው ጠጠር ይለቀማል። ክረምቱ እንደወጣ አበባ አለ፤ መንገዱ ግን አልደረቀም፣ ጫማችሁን ጭቃው ያስቀርባችኋል። ብርዱ ሲጠና ዳር ዳሩ በረዶ ይሠራል፤ ያኔ የሚሄድ ወይ ፍቅር የያዘው ነው ወይ ከሚስቱ የተጣላ። ክረምትን አታንሱብኝ። ክረምት ጉም ነው፤ አፍንጫችሁን አታዩም።” እኔ ከላይ ሆኜ “ያላየውን የሚያስጎበኝ!” እለዋለሁ። እሱ አንገቱን አቅንቶ “አንቺ ስፌትሽን ስፊ!” ይለኛል፤ መናኸሪያው ይስቃል።

ስንጋባ “የት ትወስደኛለህ?” ብለው ያለኝ አንዲት ነገር ናት። “ሐይቁ ሲጠራ እንሄዳለን።” አመንኩታ! ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሐይቁን አውቶቡስ የሚነዳውን ሹፌር በመስኮት “ጠራ ወይ?” እያልኩ ስጠይቅ ኖርኩ። ሹፌሩን ሰው ሁሉ “ደርሰናል” ነው የሚለው። አነዳዱ ዝግ ያለ ነው፤ መንገደኛ ተሰላችቶ “መቼ ነው የምንደርሰው?” ባለ ቁጥር “ደርሰናል” ይላል፤ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይሄድ። እሱ “ገና ነው፣ ጉም ነው” ሲለኝ እተዋለሁ። “ጠርቷል!” ሲለኝ ወደ ባሌ እሮጣለሁ። ግን ሐይቁ የሚጠራው በጋ ነው፤ በጋ መንገዱ ይደርቃል፤ መንገዱ ሲደርቅ አገር ምድሩ ወደ ሐይቅ ይነሳል፤ ያን ጊዜ ጠሪ ሥራውን ትቶ የት ይሄዳል? ክረምት ሲሆን ደግሞ መናኸሪያው ጭር ይላል፣ እሱም እጁን አጣምሮ ይቀመጣል፤ ሐይቁ ግን ጉም ለብሷል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለእኔ ነው። “ዘንድሮም ቀረ” ስለው ፈገግ ብሎ “ገና ነው፤ አልጠራም” ይለኛል። የአየሩን ነገር የሚያወራ ነበር የሚመስለኝ።

እናቱ በመጨረሻ ዘመናቸው ከእኛ ጋር ነበሩ። ምሳ ሲደርስ እኔ እስክነሳ አይጠብቁም፤ መስኮቱ ላይ ቆመው “ማሙሽ!” ብለው ይጠሩታል። ሽበታሙን ሰውዬ! ድምፁን የወረሰው ከማን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ክላክሱ፣ ሞተሩ፣ ጫጫታው ባለበት አንዴ ነው የሚጠሩት፤ እሱም ከየትም ይሁን ከየት “አቤት!” ይላል። ሹፌሮቹ “ማሙሽ፣ ተጠራህ!” እያሉ ይስቁበታል፤ ጉዳዩም አይደለም። እናቱ ካረፉ በኋላ ማሙሽ የሚለው ሰው ጠፋ። እኔ አንድ ቀን በዚያው መስኮት ሆኜ ሞክሬ ነበር፤ ሰውዬው ዘወር እንኳ አላለም። ዳግመኛ አልሞከርኩም።

ያለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከሐይቅ ላይ “ቅ” ጠፋች። ቀልዴን አይደለም። “ሐይ... ሐይ...” ይላል፤ መጨረሻዋ ላይ አየር ብቻ ትወጣለች። እኔ የሰማሁት ከሁሉ በፊት ነው፤ መኪናዬ አንዲት ብሎን ስትላላባት እንደማውቀው። “አቧራ ነው” አለ። ዝናብ በሚወርድበት አገር ምን አቧራ አለ? ማር ልሶ፣ ሙቅ ውሃ ጠጥቶ፣ አንገቱን ጠምጥሞ ሰነበተ። ይብስ ብሎ ድምፁ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ማለት ሲጀምር፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃችን መጥታ እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። እኔም ተከተልኩ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ነገር አትሸፋፍንም፤ ወደድኳት። “አባባ፣ ጉሮሮዎ ውስጥ መጥፎ እጢ አለ” አለችው። “በጊዜ ደርሰንበታል። ቀዶ ጥገና ካደረግን ይድናሉ። ግን ድምፅ የሚወጣበትን ክፍል ጭምር ነው የምናነሳው።”

“ድምፄስ?” አላት።

“ድምፅ አይኖርዎትም።”

“በሹክሹክታም?”

“በሹክሹክታም።”

“እንግዲህ ሚስቴን በክርክር ማሸነፍ ቀረ በይኛ” አለ። “በፊትስ መቼ አሸንፈህ ታውቃለህ?” አልኩት። ሁላችንም ሳቅን፤ ሐኪሟም ሳቀች። ከዚያ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ያ ድምፅ እኮ የእሱ ብቻ አይደለም። ጠዋት የምነሳው፣ ድንች የምጥደው፣ ስፌቴን የማጥፈው በእሱ ነው። ቀጠሮው ለሚቀጥለው ሳምንት ሆነ።

ቤት ስንደርስ፣ ደረጃው ላይ፣ ቁልፉን ከቦርሳዬ ሳወጣ፣ “ነገ ሐይቅ እንሄዳለን” አለኝ።

“ምን?”

“ሐይቅ። ጠዋት፣ በደርሰናል መኪና።”

“አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ይህን ሁሉ ዘመን ሐይቁ ሲጠራ፣ ሐይቁ ሲጠራ እያልክ ስታስጠብቀኝ ኖረህ፣ አሁን ሰማይ ምድሩ በተደፈነበት ወቅት? መች ጠራና?”

“ሄጄ ካልጠራሁትማ እንዴት አድርጎ ይጠራኛል?”

ቁልፉ እጄ ላይ ቀረ። “ማነው የሚጠራህ?”

“ሐይቁ ነዋ!”

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠና በዚያች በተረፈችው ድምፁ ነገረኝ። ገና ሥራ ሲጀምር፣ አንዲት አሮጊት ከሐይቅ መኪና ሲወርዱ ጠጋ ብለው “ልጄ፣ ድምፅህ መልካም ነው፤ እላይ ያለው ግን ይበልጥሃል። ገደሉ ሥር ቆመህ ስትጠራ እሱም ይጠራሃል” ብለውት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐይቁ የሚጠራ ነገር ሆነበት፤ እንደ ሰው፣ እንደ ራሱ። “ሰው ሁሉ እኔ ስጠራው ይሄዳል” አለኝ። “እኔንም አንድ ቀን አንድ ነገር መጥቶ የሚጠራኝ እየመሰለኝ፣ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።”

“ወይ ጉድ! እኔኮ የጠበቅኩት ጉሙ እስኪገፈፍ ነው! ውሃው እስኪጠራ!” አልኩት።

“እሱንማ አውቃለሁ። አንቺ ስትጠይቂ እሰማሽ የለ።”

“ታዲያ ለምን ‘ሲጠራኝ’ አላልክም? አንዲት ‘ኝ’ ምን ታስወጣህ ነበር?”

“ለእኔ ብቻ መች ሆነና። ለሁለታችንም ነው የሚጠራው።”

“‘ሲጠራን’ በላ! አንተ ሰውዬ፣ ‘ን’ም ጠፋችህ?”

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። እኔ ግን ንዴቴ እውነት ነበር። አንድ ቃል ይዘን፣ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ ሁለት የተለያየ ነገር ስንጠብቅ መኖራችን አንገበገበኝ። ደግሞም ምን እንደማደርግ አላውቅም። ከሄድን፣ ብርዱ ጉሮሮውን ቢጎዳውስ? ካልሄድን፣ በጋ ሲመጣ ሐይቁ ይጠራል፣ እሱ ግን የሚጠራበት ድምፅ አይኖረውም።

ልጃችን በስልክ ስትሰማ ጮኸች። “እማዬ፣ አንቺ እንኳ ልብ የለሽም? ይታከም፣ ይዳን፤ በጋ ሲሆን እኔ ራሴ እወስዳችኋለሁ። ጠርቶ፣ አምሮ ታዩታላችሁ። አሁን ሄዳችሁ ምን ልታዩ ነው?” እውነቷን ነው። ሐኪሟን ጠይቂልኝ አልኳት። ጠየቀችልኝ፤ አንገቱ ተሸፍኖ፣ ሙቅ ውሃ እየጠጣ ከሆነ ይሂድ አለች። ልጄ ይህንን የነገረችኝ በኩርፊያ ነው።

የቀረኝ ሹፌሩ ደርሰናል ነው። ወርጄ አገኘሁት፤ የመኪናውን የፊት መስታወት በጋዜጣ ይወለውላል። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። መወልወሉን ሳያቆም “ለዓይን ከሆነ አትምጡ” አለኝ። “በጋ ኑ። ለጆሮ ከሆነ ግን በጋ ዋጋ የለውም፤ እላይ ነፋሱ ቃልን ከአፍ ነጥቆ ነው የሚሄደው። ስንት ጎረምሳ ሲጮህ አይቻለሁ፣ ለአንዱም አልመለሰለት። ጉም ሲሆን ነፋስ የለም። እኔ ራሴ ሳስል መልሶ ሲያስልብኝ ሰምቻለሁ።”

“ይህን ሁሉ ዘመን ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?”

“እሜቴ፣ እርስዎ የጠየቁኝ ጠራ ወይ ብለው ነው። ይጠራል ወይ ብለው መች ጠየቁኝ?”

እሱና ባሌ ሳይማከሩብኝ አልቀሩም። ወደ ቤት ወጣሁና ከሰማያዊው መጋረጃ ትራፊ፣ ገበሩን በወፍራም ጨርቅ አድርጌ፣ የአንገት ልብስ ሰፋሁለት። ጠማማ ሆነ፤ በሕልም አልነበረም የጠመመው፣ ለጠዋት ለማድረስ ስቸኩል ነው።

ጠዋት መናኸሪያው እርጥብና ጭር ያለ ነበር። መኪናው ውስጥ ሦስት ነጋዴዎች ከነማዳበሪያቸው ተኮራምተዋል። እኔ ገብቼ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። እሱ እንደ ልማዱ በሩ ጋ ቆመ። “ግባ እንጂ!” አልኩት። አልሰማኝም። አንገቱን ቀና አደረገና፣ በተሰነጠቀች ድምፁ፣ ማንም በሌለበት ግቢ፣ “ሐይ... ሐይ... አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!” አለ። ግራ ቀኙን አየ። ዝናብ ብቻ ነው። ከዚያ እግሩን ደረጃው ላይ አሳርፎ ገባ። ደርሰናል “ሞላን!” ብሎ በሩን ዘጋው። ፊቴን ወደ መስታወቱ አዞርኩ።

መንገደኛ መሆን አያውቅበትም። እጁን የት እንደሚያደርገው ቸግሮት አንዴ ጉልበቱ ላይ፣ አንዴ የፊቱ ወንበር ላይ ያሳርፈዋል። ሁለት መታጠፊያ ሳንሄድ “ደረስን?” አለ፤ “ደርሰናል” አለ ሹፌሩ። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ነገሩ ሁሉ እየቀለለ ሄደ። መጀመሪያ ቤቶቹ ቀሩ፣ ቀጥሎ የነጋዴዎቹ ወሬ ቀረ፣ ቀጥሎ ዛፎቹ አንድ በአንድ ጉሙ ውስጥ ገብተው ቀሩ። መንገዱም ከፊታችን ትንሽ ትንሽ ብቻ ነው የሚታየው፤ ሲያልቅ ሌላ ይቀጠላል። ራሴን ትከሻው ላይ አሳረፍኩ። ተኝቼ ይሁን ነቅቼ አላውቅም፤ መስታወቱ ላይ ነጭ መጋረጃ እየሰፋሁ፣ ጨርቁ አላልቅ ብሎኝ፣ እሱ ከታች በድሮ ድምፁ እየጠራ ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ቀና አልኩ።

“ደርሰናል” አለ ሹፌሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነበር።

ነጭ ነው። ወደ ላይ ነጭ፣ ወደ ታች ነጭ። ጫማዬን ለማየት አጎነበስኩ። ደርሰናል የብረት ድጋፉን አሳየንና “እሱን ይዛችሁ ውረዱ፤ ሲያልቅ ቁሙ፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ ነው” አለን። እጅ ለእጅ ተያይዘን ወረድን። ድጋፉ አለቀ፤ ቆምን። እግራችን ሥር የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ጠጠሩን ይልሳል። ጎንበስ ብዬ እጄን ብሰድ ቀዝቃዛ ውሃ ነካሁ። ሐይቁን ያወቅኩት በእጄ ነው፤ እስከ ዛሬም መልኩን አላውቀውም።

እሱ የአንገት ልብሱን ፈታ አደረገ። ደረቱን ነፋ። አፉን ከፈተ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ደግሞ ሞከረ፤ “ሐ...” አለና አነቀው። ሦስተኛውን ሲሞክር ምንም አልወጣም። ጠጠሩ ላይ ተቀመጠ፤ ትከሻው ወደቀ። “ጥሪዬን መናኸሪያው ላይ ጨረስኩት” አለኝ፤ ለመስማት ከንፈሩን ማየት ነበረብኝ።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። በእሱ አይደለም፤ በጉሙ፣ በውሃው፣ በእጢው፣ በዚያች በቀረችው “ኝ”። ዘወር ብዬ፣ ወደ ነጩ ነገር፣ ባለኝ ኃይል “ይኸው! ደስ ይበልህ!” ብዬ ጮህኩ።

“ደስ ይበልህ...” አለ አንድ ነገር ከማዶ። ቆይቶ ደግሞ ከጎን፣ “ይበልህ...” ከዚያ ራቅ ካለ ቦታ፣ “...በልህ።”

ደነገጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተመልሶልኝ አያውቅም። ባሌ ቀና አለ፤ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ጉሙን አየ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። “ለአንቺም የሚመልስልሽ ተገኘ!” ይላል በዚያ በሚያፏጭ ትንፋሹ። ሳቀ፣ አሳለ፣ አክታውን ተፋ። ከፔርሙዙ ሙቅ ውሃ ቀዳሁለት፤ ፉት፣ ፉት አለ። ሲናገር ድምፁ ትንሽ ተከፍቶ ነበር።

“ቶሎ በል፤ አሁን ጥራ” አልኩት።

ተነሣ። “ሐይቅ ልበል?”

“ሐይቅማ ስሙን ያውቃል። ራስህን ጥራ። አንተ አይደለህ እንዴ ጠሪ ያጣኸው?”

አየኝ። የሚጠራበትን ስም እየፈለገ መሆኑ ገባኝ። ጥሩምባው ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ እጁን አፉ ዙሪያ አደረገና፣ እናቱ በመስኮት ያወጧት በነበረችው ዜማ፣ አንዴ ብቻ፣ “ማሙሽ!” ብሎ ጠራ።

ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ውሃው ጠጠሩን ላሰ። ከዚያ ከማዶ መጣ። ጉሙ አጣርቶ፣ አቅጥኖ፣ ከእሱ አፍ የወጣ ባልመሰለ ድምፅ፣ “ማሙሽ...” አለ። የሴት ድምፅ ነበር ብል ዋሾ ትሉኛላችሁ፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔ የሰማሁት እሱን ነው።

ባሌ ዘወር አለ። ምሳ ሲደርስ መናኸሪያው መሀል ሆኖ ይዞር እንደነበረው ነው የዞረው። “አቤት!” አለ።

ያችን “አቤት” ጉሮሮው ከየት እንዳመጣት አላውቅም። ያልተሰነጠቀች፣ ሙሉ፣ የልጅ አቤት ነበረች። ሐይቁም ተቀበላት። “አቤት...” አለ፤ ራቅ ብሎ “ቤት...” አለ፤ ከዚያ በጣም ርቆ፣ ሊሰማ ላይሰማ፣ “...ቤት።” ባሌ ኮፍያውን እንደያዘ ቆሞ እንባው ይወርዳል፤ እኔም አላባበልኩትም። “ድገመው” አልኩት ቆይቼ። ራሱን ነቀነቀ። ወደ መኪናው ስንመለስም፣ ቁልቁል ስንወርድም ምንም አልተናገረ። የመጨረሻ ቃሉ ያ ሆነ። ቀዶ ጥገናው እስኪደርስ በምልክት ሰነበተ፤ ሐኪሟ ሳትከለክለው፣ ራሱ ፈቅዶ።

አሁን ደህና ነው። መስኮቱ ጋ፣ ከመኪናዬ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ያንን ጠማማ ሰማያዊ የአንገት ልብስ ከአንገቱ አያወልቅም። አዝራር ይተክልልኛል፤ ስፌቱ ከእኔ ይሻላል፣ ፊት ለፊት ግን አልነግረውም። ከታች አዲሱ ጠሪ “አይቅ! አይቅ!” ሲል፣ አዝራሩን አስቀምጦ ጆሮውን በሁለት እጁ ይይዛል። “ወርደህ አስተምረው” እለዋለሁ፤ በምን አፌ ብሎ ወደ አንገቱ ይጠቁማል፣ ሁለታችንም እንስቃለን። የእሱ ሳቅ አሁን በትከሻው ነው። መቼ ብንሄድ ይሻላል የሚሉ መንገደኞችም አዲሱ ጠሪ ሳያውቅ ሲቀር ወደ መስኮቴ ይልካቸዋል። “ለዓይን ነው ለጆሮ?” እላቸዋለሁ። ሴትዮዋ ትንሽ ነካ ያደርጋታል እያሉ ይሄዳሉ።

ባለፈው፣ በጋው ሲገባ፣ ደርሰናል ከታች ቆሞ “እሜቴ! ጠርቷል!” ብሎ ጮኸ። ልማድ ሆኖበት ነው። መኪናዬን አቆምኩና ባሌን አየሁት። እሱም አየኝ። አሁን ሥራ የለበትም፣ ጊዜ አለን፣ ልጃችንም እወስዳችኋለሁ ብላ ቃል ገብታለች። “እንሂድ እንዴ? ደግሞ መልኩን እንየው” አልኩት። ከዚያ መቀሱን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ ኳ፣ ኳ አደረገ። ሲጠራኝ እንዲህ ነው።

“አቤት” አልኩት።